ከመድኃኒቱ በፊት ቅጠሉን ገልብጡ

ጎመን ያጠበ ሰው ክሽክሽን ያውቃል። ቅጠሉ ጀርባ ላይ ተለጥፎ፣ ግራጫ ዱቄት ለብሶ፣ ውሃ ቢፈስበትም አልለቅ የሚለው ትንሽ መጣጭ ነፍሳት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጓሮ ያለው ሰው ሁሉ ስለ እሱ አንድ ምሬት አያጣም። ዝናቡ ሲያቆም ውርጩ ይመጣል፤ ውርጭ የማረውን ደግሞ ክሽክሽ ይመጥጠዋል። ስለዚህ ብዙው ሰው ገና ሁለት ቅጠል ሲጨማደድበት ገበያ ሄዶ መድኃኒት ይገዛል። ረጭቶ ሲያበቃ ሳምንት ሳይሞላው ከዚያው ጎመን ቀንጥሶ ለልጆቹ ይሠራል። ይሄ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ቅጠሉን ገልብጡት። ዝም ብላችሁ ሳይሆን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከግራጫዎቹ መሃል ቀለማቸው የተለየ፣ ሆዳቸው የተነፋ፣ ብትነኳቸው የማይንቀሳቀሱ አሉ። የተቆላ ሰሊጥ ይመስላሉ። እነዚያ ሞተዋል። የቀረው ቆዳቸው ብቻ ነው። ውስጡ ያለው የተርብ ልጅ ነው። እንዲህ ያሉት እየበዙ ከሄዱ ጓሯችሁ ውስጥ ሥራ ተጀምሯል፤ መርጫውን ባለበት ተዉት።

ተርብ ሲባል ቶሎ የሚታየን ጣሪያ ሥር ቤቱን ሠርቶ ልጆችን የሚያስለቅሰው ነው። ይሄኛው ከዚያ ጋር በሩቁ ይዛመዳል እንጂ ሌላ ነው። ቁመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ወገቡ የተቀጠነ። ሰው አይነድፍም። ዓይናችሁ ቢያርፍበት እንኳ ትንኝ ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። የጎመን ክሽክሽን በማጥቃት በዓለም ዙሪያ የታወቀው ዳያሬቲየላ ራፔ ይባላል። ስሙን ባትይዙት ምንም አይደል።

ሥራውን ማየት የፈለገ ረፋድ ላይ ይውጣ። የእኛ አገር ጠዋት ለተርብም ይከብዳል፤ ብርዱ ሳይለቅ ብትወጡ ወፍ የለም። ፀሐይዋ ቅጠሉን ሞቅ ስታደርገው ግን እናቲቱ ብቅ ትላለች። እኔ የስልኬን ካሜራ አቅርቤ ነው ያየኋት። ክሽክሾቹ መሃል እየተራመደች አንዱን በአንቴናዋ መታ መታ ታደርገዋለች። ከዚያ የሆዷን ጫፍ በእግሮቿ መሃል አሳልፋ ወደ ፊት ታጥፈዋለች። ልክ ከራሷ ፊት ለፊት ትወጋዋለች። ክሽክሹ እግሩን ያወራጫል፤ በቃ፣ አልቋል። እሷ ወደሚቀጥለው አልፋለች። ዓይናችሁን ካርገበገባችሁ ያመልጣችኋል።

የተወጋው ክሽክሽ ወዲያው አይሞትም። ጥቂት ቀን እንደ ወትሮው ይመጥጣል፣ ይሄዳል፣ አንዳንዱም ይወልዳል። ውስጡ ግን እንቁላሉ ተፈልፍሎ እየበላው ነው። አበላሉም ሥርዓት አለው። ለሕይወቱ የግድ የሆነውን ክፍል እስከ መጨረሻ አይነካም፤ ቤቱ ቶሎ ከሞተ እሱም አብሮ ይሞታላ። ሲጨርስ የክሽክሹን ሆድ ከሥር ሰንጥቆ በሐር ክር ቅጠሉ ላይ ያጣብቀዋል። ቆዳው ይደርቃል፣ ያብጣል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ያ ሰሊጥ የመሰለው ነገር ማለት ነው። ከቀናት በኋላ አዲሱ ተርብ ከጀርባ በኩል ክብ ቀዳዳ ቆርጦ ይወጣል። ቀዳዳው በጣም ንጹሕ ክብ ነው፤ በኮምፓስ የተሠመረ ነው የሚመስለው።

ይህን ለጎረቤታችን ለእትዬ ስነግራቸው አማተቡ። «ኧረ በስመ አብ! በቁሙ እያለ?» አሉ። አዎ፣ በቁሙ እያለ። «ታዲያ ይሄን ምኑን ወደድክለት አንተ ልጅ?»

እትዬ ብቻቸውን አይደሉም። ቻርልስ ዳርዊንም ነገሩ አላስተኛው ብሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1860 አሳ ግሬይ ለተባለው አሜሪካዊ የዕፅዋት ሊቅ በጻፈው ደብዳቤ፣ ቸርና ሁሉን ቻይ የሆነ አምላክ እነዚህን ተርቦች በሕያው ትል ሥጋ ውስጥ እንዲመገቡ ብሎ አስቦ ፈጥሯቸዋል ብዬ ራሴን ማሳመን አልቻልኩም ብሎታል። ለእሱ ከባድ ጥያቄ ነበር። እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም፤ ምናልባት ጎመን ስለምወድ ይሆናል። እትዬ ግን ከዳርዊን የተሻለ መልስ አገኙ፤ «ክሽክሹስ ጎመኔን በቁሙ አይደል የሚበላው» ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ።

ክሽክሽ ላይ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው። ትል ላይ የሚሠሩት ደግሞ ይብሳሉ። የትል ሰውነት ባዕድ ነገር ሲገባበት የደም ሕዋሶቹ ከበው ያፍኑታል። ስለዚህ እንቁላል ብቻ መውጋት አያዋጣም። አንዳንዶቹ የተርብ ወገኖች ከእንቁላሉ ጋር ቫይረስ አብረው ይሰዳሉ። ቫይረሱ የትሉን መከላከያ ያፈዝዘዋል፤ እንቁላሉ ሳይነካ ይፈለፈላል። ቫይረሱን ከየት አመጡት ብትሉ ከሌላ ቦታ አይደለም። የሚመረተው በእናቲቱ የእንቁላል ዕጢ ውስጥ ነው፤ መመሪያውም በራሷ ዘረመል ውስጥ ተጽፎ ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል። ተመራማሪዎች በአንዱ ወገን ይህ ሽርክና ከተጀመረ 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል ይላሉ። እኔ ይህን ካነበብኩ በኋላ ጎመን መደቡ አጠገብ ስቀመጥ ትንሽ መከባበር ጀምሬያለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፤ ጓሮ ያላችሁ ስሙኝ። አንዳንዴ ቅጠል ላይ የደከመ ትል ታያላችሁ። አጠገቡ ወይም ጀርባው ላይ ነጭ ወይም ቢጫ፣ ሞላላ፣ ጥቃቅን ነገር ተደርድሯል። ሰው ይህን ሲያይ «ትሉ እንቁላል ጣለ» ብሎ በጣቱ ይጨፈልቀዋል። ትል እንቁላል አይጥልም። እንቁላል የምትጥለው ቢራቢሮዋ ወይም የእሳት እራቷ ናት። ያ የተደረደረው የተርብ ልጆች ከትሉ ሆድ ወጥተው የሠሩት የሐር ቤት ነው። ስትጨፈልቁት የምትገድሉት የራሳችሁን ሠራተኛ ነው። ደግሞ አትፈሩ፣ ይህ ስሕተት የአንድ ሰፈር አይደለም። ጣሊያናዊው ሊቅ ኡሊሴ አልድሮቫንዲ እ.ኤ.አ. በ1602 ባሳተመው የነፍሳት መጽሐፍ ውስጥ ያንኑ ነገር የትሉ እንቁላል መስሎት ጽፏል።

ተርቧ ያን ሁሉ ማሳ አቋርጣ አንድ ትል እንዴት ታገኛለች? ይህ እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ክፍል ነው። ትል ቅጠል ሲያኝክ ምራቁ ቁስሉ ላይ ይቀራል። ተክሉ ያን ምራቅ ይለየዋል። ከዚያ በሰላሙ ጊዜ የማያወጣውን ሽታ ወደ አየር ይለቃል። ተርቧ ሽታውን ተከትላ ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ1990 ተርሊንግስ፣ ተምሊንሰንና ሉዊስ የተባሉ ተመራማሪዎች በበቆሎ ችግኝ ላይ ይህን አሳይተዋል። በሰው እጅ የተቆረጠ ቅጠል ያን ያህል አይጣራም፤ የትሉ ምራቅ ሲጨመርበት ግን ጥሪው ይወጣል። እንግዲህ በቆሎው ዝም ብሎ የሚበላ ተክል አይደለም፤ ኡኡ ይላል፣ የሚሰማው ደግሞ አለ።

ስለ በቆሎ ካነሳን መጤ ተምችን መዝለል አይቻልም። በ2009 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ የነበረውን ድንጋጤ ታስታውሳላችሁ። ገበሬው፣ ተማሪው፣ ሠራተኛው በእጁ ለቀማ ወጣ። መርጫ በየቀበሌው ተከፋፈለ። ያኔ ማንም ያላየው ነገር ቢኖር፣ አንድ የአገሬ ተርብ ቀድሞ ሥራ መጀመሩ ነው። ኮቴሲያ ኢሲፔ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ኬንያ ካለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ነው። ሳይንስ ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ ተምቹ እኛ ዘንድ በገባበት ዓመት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከበቆሎ ማሳ ትል ተለቅሞ ሲመረመር፣ በዚህ ተርብ የተወጋው እንደየቦታው ከ33.8 እስከ 45.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከአሜሪካ የመጣን ትል፣ አይቶት የማያውቀው የምሥራቅ አፍሪካ ተርብ በመጀመሪያው ዓመት ከሦስቱ አንዱን ያዘ። ማንም አልቀጠረው፣ ማንም አበል አልከፈለው።

ወደ ቆላችን ውረዱ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ገብሱና ባቄላው ያልቅና ማሽላው ይጀምራል። የማሽላው ጠላት አገዳ ቆርቁር ነው። ከቆርቁሮቹ አንዱ ከእስያ የመጣ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። አገዳው ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ መድኃኒት ብትረጩም አይደርስበትም። ኮቴሲያ ፍላቪፔስ የተባለችው ተርብ ግን ትደርስበታለች። በቆፈረው ዋሻ ተከትላው ትገባለች። ትሉ ይናከሳል፤ ብዙዎቹ ገብተው እዚያው ይቀራሉ። ከመሞቷ በፊት ከወጋችው ግን ሥራዋ አልቋል። ይህችን ተርብ ከእስያ አምጥተው እ.ኤ.አ. በ1993 ኬንያ ውስጥ ለቀቋት። ኢትዮጵያ ውስጥ ማንም ሳይለቃት ከዓመታት በኋላ እዚህ ተገኘች። ቪዛ አልጠየቀችም።

የካሳቫውም ታሪክ አለ፤ ሥሩ የሚበላ ተክል ነው፣ እኛ ዘንድ ባይበላም ወላይታና ጋሞ ያለ ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከደቡብ አሜሪካ የገባ አንድ መጣጭ ነፍሳት የአፍሪካን ካሳቫ ሊጨርሰው ነበር። ተመራማሪዎች ጠላቱን ፍለጋ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1981 ፓራጓይ ውስጥ አንዲት ጥቃቅን ተርብ አገኙ። አባዝተው ለቀቋት፣ ነገሩ ረገበ። ሥራውን የመራው ሃንስ ሄረን እ.ኤ.አ. በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኘ።

ይህን ሁሉ የአክስቴ ልጅ ሰምቷል። ሸዋ ሮቢት ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ያለማል። የምግባባውን ያህል የምጨቃጨቀውም ከእሱ ጋር ነው።

«እሺ፣ ይሄ ተርብህ የት ይሸጣል?» አለኝ።

«አይሸጥም። እዚያው ማሳህ ላይ አለ።»

«አላየሁትም።»

«በየሳምንቱ እየረጨህበት እንዴት ታየዋለህ?»

«ካልረጨሁስ? ትል የበሳውን ቲማቲም አንተ ትገዛኛለህ?»

እውነቱን ነው። ነጋዴው ነቁጥ ያለበትን ቲማቲም ዋጋ ይሰብርበታል፣ ወይም ጭራሽ አያነሳውም። እኔ ከተማ ተቀምጬ የማወራው በጎመን ጓሮ ነው፤ እሱ የሚያወራው በዓመት ቀለቡ ነው። ተርብ ደግሞ ትል ሳይኖር አይመጣም። ትሉ ቀድሞ መታየት አለበት፣ ተርቡ ተከትሎ ይደርሳል። በዚያ መሃል ያለውን ጊዜ የሚችል ገበሬ ብዙ የለም። መድኃኒቱ ዛሬ ሲረጭ ነገ የሞተ ትል ያሳያል። የተወጋ ትል ግን ለቀናት ደህና ይመስላል።

ግን ስሌቱ እዚያ ላይ አያበቃም። የረጨን ለት የሚሆነውን ቀስ ብላችሁ አስቡት። ክሽክሹ ከቅጠሉ ሥር፣ ከተጨማደደው እጥፋት ውስጥ ነው፤ ብዙው ይነካል፣ ጥቂቱ ይተርፋል። ተርቧ ግን ቀኑን ሙሉ ቅጠል ላይ እየተራመደች ታስሳለች፤ የደረቀው መርዝ ሁሉ እግሯ ላይ ነው። የተረፈው ክሽክሽ ወንድ አያስፈልገውም። ብቻውን ይወልዳል፤ የሚወልዳቸውም ገና ሲወለዱ የሚቀጥለው ትውልድ ሆዳቸው ውስጥ ተጀምሯል። ተርቧ ግን የምትወጋው አግኝታ፣ ልጇ አድጎ፣ ቆዳ ቀዶ እስኪወጣ ድረስ መጠበቅ አለባት። ስለዚህ ከርጭቱ በኋላ ማሳው ጠላቱን አስቀርቶ ወዳጁን ያጣል። ክሽክሹ ከበፊቱ በልጦ ሲመጣ ገበሬው «መድኃኒቱ ደከመ» ይላል። ጠንከር ያለውን ይገዛል።

ለዚህ ነው እኔ ከአክስቴ ልጅ ጋር ስምምነት የፈለግኩት በማቆም ላይ ሳይሆን በማየት ላይ ነው። የግብርና ባለሙያዎች አሰሳ ይሉታል። ከመርጨት በፊት ማሳውን ዞሮ ማየት፣ ስንት ተክል እንደተነካ፣ ከተነካውም ስንቱ የተወጋ እንደሆነ መቁጠር። ሳምንቱ ደረሰ ተብሎ ሳይሆን አስፈላጊ ሲሆን ብቻ መርጨት። እሱም ከነፋሱና ከንቦቹ ሰዓት ጋር ተስማምቶ። በዚህኛው ብዙ አልተቃወመኝም። «መቁጠሩንማ እቆጥራለሁ፣ መድኃኒቱም እኮ ተወደደ» አለኝ። ምክንያቱ የትኛውም ይሁን ደስ ብሎኛል።

ተርብ የማይረዳበት ቦታ ሞልቷል፤ ይህን ሳልናገር ብቀር እትዬ ይታዘቡኛል። ባቄላችንን ያጠፋው ቆርምድ በሽታ ነው፤ ተርብ በሽታ ላይ ምንም አያደርግም። የአንበጣ መንጋ ሲመጣም ተርብ ይደርስልኛል ብሎ የሚቀመጥ ሞኝ ነው። በዚያ ላይ ተርቡን የሚወጋ ሌላ ተርብ አለ። ክሽክሹ ውስጥ ያለውን የተርብ ልጅ ፈልጎ እንቁላሉን እላዩ ላይ የሚጥል። ከዚያ ሰሊጥ ከመሰለው ቆዳ ሁሌ የእኛ ወዳጅ ነው የሚወጣው ማለት አይደለም። ልዩነቱን ማየት የፈለገ የተወጉትን ከነቅጠሉ ብርጭቆ ውስጥ ይክተት፣ አፉን በስስ ጨርቅና በላስቲክ ይሰር፣ ጥላ ሥር ያስቀምጠው። በቀናት ውስጥ የወጣውን ያያል። የመውጫው ቀዳዳም ይለያል፤ ጠርዙ የተበጣጠሰ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የወጣው ሁለተኛው ነው። ልጆች ካሏችሁ ከካርቱን ይሻላቸዋል።

ጉንዳኖቹንም ተመልከቷቸው። ክሽክሹ ከኋላው የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚልሱ ይጠብቁታል፤ ተርቧ ስትቀርብ ያባርሯታል። ጎመኑ ግንድ ላይ የጉንዳን ሰልፍ ካለ መጀመሪያ መንገዳቸውን ዝጉ። ክሽክሹ በጣም ከበዛ ደግሞ በውሃ ግፊት አራግፉት፣ ወይም በሳሙና ውሃ እጠቡት። የሳሙና ውሃ የነካውን ብቻ ይገድላል፤ ከደረቀ በኋላ ለምትመጣው ተርብ ቅጠሉ ላይ መርዝ አይተውላትም። ሰሊጥ የበዛበትን ቅጠል ግን ለይታችሁ ተዉት፤ ቢጠወልግም አትጣሉት።

እናቴ ሞረትና ጅሩ ላይ ምስር ታዘራለች። ምስሩንም አረንጓዴ ክሽክሽ ይወርረዋል። ስልክ ስትደውል «ተርብህ መጣ ወይ?» ማለት ጀምራለች፤ ግማሹ ቀልድ ነው። መረሬው ሲደርቅ ማሳው ዳር የሚቀረውን የዱር አበባ ግን እንዳይነቀል አዝዛለች። ይህንን ያለ ምክንያት አላደረገችም። ልጁ ክሽክሽ ይብላ እንጂ ትልቋ ተርብ የምትኖረው በአበባ ወለላና በጣፋጭ ፈሳሽ ነው። አፏ አጭር ስለሆነ ጥልቅ አበባ አይሆናትም። ክፍት፣ ጥቃቅን፣ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው አበባ ነው የሚመቻት። ድንብላል፣ እንስላል፣ የሰናፍጭና የጎመንዘር አበባ።

የእኛ ቤት ጭቅጭቅም እዚህ ላይ ነው። ባለቤቴ ድንብላል የምትፈልገው በቅጠሉ ነው፤ ሳያብብ ይቆረጥ ትላለች። እኔ ያብብ እላለሁ። አብቦ ሲቆም መደቡ የተዝረከረከ ይመስላል፣ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራል፣ ቦታውም ለቀይ ሽንኩርት ይበቃ ነበር። ክርክሯ ሁሉ ትክክል ነው። ዘንድሮ ከአጥሩ ሥር አንድ ጠባብ መደብ ለአበባ ለቃልኛለች። ለሚቀጥለው ዓመት ጎመንዘር እንዲጨመር ጠይቄ ነበር፤ ዘሩ ለወጥ እንጂ ለተርብ አልተገዛም ብላለች።